ሲሮሲስ የጠጪ በሽታ ብቻ ነውን? ስለ ጉበት ጠባሳና ስለ መዘዙ

መግቢያ

ጉበት ታጋሽ አካል ነው። ብዙው ክፍሉ ተጎድቶም ሥራውን ይቀጥላል፤ አያምም፣ አይጮኽም። ስለዚህ እኛ አገር የጉበት በሽታ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሆድ በውኃ ሲነፋ፣ ዓይን ቢጫ ሲሆን ወይም ሰው ደም ማስታወክ ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ግን በሽታው አዲስ አይደለም፤ አሥርና ሃያ ዓመት በዝምታ ሲሠራ የቆየ ነው።

ውድ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎችና መምህራን፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ስለ ሲሮሲስ በክፍል የተማርነው አብዛኛው ከአውሮፓና ከአሜሪካ መጻሕፍት የተወሰደ በመሆኑ አልኮልን ከፊት አስቀምጦ የሚጀምር ነው። ሁለተኛው፣ እኔ ተወልጄ ባደግሁበት በዳምቦያና በዙሪያው፣ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ በኩል የሚመጡት ሕመምተኞች ታሪክ ከዚያ ጋር አልገጥም ስላለኝ ነው። ስለዚህ ጠባሳው እንዴት እንደሚፈጠር፣ በአገራችን ምን እንደሚያመጣው፣ የእኛው ተመራማሪዎች ምን እንዳገኙና በጤና ጣቢያ ደረጃ ምን ማድረግ እንደምንችል በቅደም ተከተል ለማየት እሞክራለሁ።

1. ስሙና እምነቱ

በሕዝባችን ዘንድ ቢጫ መሆን «የወፍ በሽታ» ይባላል። የሌሊት ወፍ ሽንት ወይም ጥላ የነካው ሰው ይታመማል የሚል እምነት በብዙ የአገራችን ክፍል አለ። ታማሚው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መድኃኒት አዋቂ ነው። ቅጠል ተቀጥቅጦ ክንዱ ላይ ይታሰርለታል፣ ቆዳው ውኃ ይቋጥራል፣ «ወጣልህ» ይባላል። የሚጠጣ ሥር የሚሰጡም አሉ።

እዚህ ላይ አዋቂዎቹን ለመሳደብ አልነሳም። ለምን እንደሚታመኑ ግን መረዳት ያስፈልጋል። ሄፓታይተስ ኤ እና ሄፓታይተስ ኢ የሚባሉት ቫይረሶች ሰውን ቢጫ ያደርጉታል፤ ከዚያ ግን አብዛኛው ሰው ምንም ሳይደረግለት በሳምንታት ውስጥ ይድናል። በዚያ ሰሞን ቅጠል የታሰረለት ሰው ያዳነው ቅጠሉ ይመስለዋል። ችግሩ የሚመጣው ያው ሰው ወይም ልጁ ሄፓታይተስ ቢ ሲይዘው ነው። ቢጫነቱ ቢለቅም ቫይረሱ ጉበት ውስጥ ሊቀር ይችላል። «ድኗል» የተባለው ሰው ሃያ ዓመት ቆይቶ ሆዱ ይነፋል፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ግን የለም።

ሁለተኛው ስም ደግሞ ከእኛ ከጤና ባለሙያዎች የወጣ ነው፦ «የጠጪ በሽታ»። በእርግጥ አልኮል ጉበትን ይጎዳል፣ አረቄ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ለሲሮሲስ የተጋለጠ ነው። ነገር ግን ሲሮሲስ የያዘው ሁሉ ጠጪ ነው ማለት ሐሰት ነው። ይህ ስም የሚያመጣውን ጉዳት ወደ ኋላ ላይ በአንድ ምሳሌ አሳያለሁ።

2. ጠባሳው እንዴት ይፈጠራል?

የአዋቂ ሰው ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ደም የሚያገኘው ከሁለት ወገን ነው። ሦስት አራተኛ የሚሆነው ከአንጀትና ከጣፊያ ተሰብስቦ በፖርታል ቬን ይገባል፣ የቀረው በደም ቅዳ ይመጣል። ደሙ ሳይኑሶይድ በሚባሉ ቀዳዳ ባላቸው ስስ መተላለፊያዎች አልፎ ከጉበት ሕዋሳት ጋር ይገናኛል። አንድ ወንፊት አስቡ፤ ምግቡም መርዙም በዚያ ወንፊት ያልፋል።

በወንፊቱና በጉበት ሕዋሱ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ስቴሌት የሚባሉ ሕዋሳት ይኖራሉ። በጤናማ ጉበት ሥራቸው ቫይታሚን ኤ ማከማቸት ነው። ጉበት በቫይረስ፣ በአልኮል፣ በስብ ወይም በመርዝ ሲቆስል ግን ጠባያቸው ይለወጣል። ቫይታሚኑን ይጥላሉ፣ ይባዛሉ፣ ይኮማተራሉ፣ ኮላጅንም ማምረት ይጀምራሉ። ይህ ኮላጅን እየተጠራቀመ ሲሄድ ፋይብሮሲስ እንለዋለን፤ በአማርኛ ጠባሳ ብንለው ይስማማል። ቁስል በቆዳ ላይ ጠባሳ እንደሚተው ማለት ነው፤ ልዩነቱ፣ ጉበት ላይ ቁስሉ በየቀኑ መታደሱ ነው።

ጠባሳው እየሰፋ ጉበቱን በሙሉ እንደ አጥር ከፋፍሎ፣ በአጥሮቹ መካከል የቀሩት ሕዋሳት ጉብታ ጉብታ ሆነው ሲያድጉ ሲሮሲስ ደረሰ ይባላል። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮች ይከሰታሉ። አንደኛ፣ የሚሠራው ሕዋስ ስለሚቀንስ አልቡሚንና ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች ያንሳሉ፣ ቢሊሩቢን ይጠራቀማል። ሁለተኛ፣ ወንፊቱ ስለሚደፈን ደሙ መግቢያ ያጣና በፖርታል ቬን ውስጥ ግፊት ይጨምራል። የዚህ ግፊት ልኬት በጤነኛ ሰው ከ1 እስከ 5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። 10 ሲደርስ መዘዞቹ መታየት ይጀምራሉ፣ 12 ሲያልፍ የጉሮሮ ደም ሥሮች ሊፈነዱ ይችላሉ።

ድሮ «ሲሮሲስ አይመለስም» ተብሎ ይማር ነበር። አሁን የሚታወቀው ከዚያ የተለየ ነው። ያቆሰለው ነገር ከተወገደ ጠባሳው ቀስ በቀስ ሊሳሳ ይችላል፤ በተለይ ገና ፋይብሮሲስ ላይ ሳለ ከተደረሰበት። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

3. በአገራችን የሚያመጣው ምንድን ነው?

የአገራችን የጉበት ምርምር የትናንት አይደለም። ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሆነው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ስለ ጉበት በሽታና ስለ ቫይረስ ሄፓታይተስ ብዙ ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ በተሠሩ ጥናቶች የተደራረበው ማስረጃ የሚጠቁመው በቅድሚያ ወደ ሄፓታይተስ ቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶችን በአንድ ላይ የመዘነ ጽሑፍ፣ የሄፓታይተስ ቢ ስርጭት 7.4 በመቶ፣ የሄፓታይተስ ሲ ደግሞ 3.1 በመቶ መሆኑን አስቀምጧል። ይህ ማለት ከ100 ሰው ሰባት ያህሉ ቫይረሱን ይዞ ይኖራል ማለት ነው። በአንድ የገበያ ቀን ስንት ሰው እንደሚሰበሰብ የሚያውቅ ያስላው።

ሁለተኛው ቢልሃርዝያ ነው። ሺስቶሶማ ማንሶኒ የሚባለው ትል እንቁላሉ በፖርታል ቬን ቅርንጫፎች ውስጥ ይሰነቀርና በዙሪያቸው ወፍራም ጠባሳ ይሠራል። ይህ ከሲሮሲስ ይለያል። ደሙ ጉበት ውስጥ ሳይገባ ይታገዳል እንጂ የጉበት ሕዋሱ ራሱ ደህና ነው። ስለዚህ አንድ ወጣት ገበሬ ጣፊያው አብጦ፣ ደም አስታውኮ ቢመጣና አልቡሚኑ ደህና፣ ዓይኑም ነጭ ቢሆን ስለ ወንዝና ስለ መስኖ ጠይቁት። በዚህ በሽታ ላይ ኢትዮጵያ ለዓለም ያበረከተችው ነገር አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ የበሽታውን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ባልደረባ የሆኑት ዶክተር ነጋ በርሄም ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ፕራዚኳንቴል የወሰዱ ሰዎችን ለ26 ወራት በአልትራሳውንድ ተከታትለው ይህ ጠባሳ ሊመለስ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2008 አሳትመዋል። ተመልከቱ፤ ጠባሳ ይመለሳል የሚለው ነገር ከውጭ መጽሐፍ ብቻ የመጣ አይደለም።

ሦስተኛው ሰፊ ጥያቄ ያለበት ነው። በሐረር ሆስፒታሎች የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት 150 ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ያለባቸውን ሰዎች መርምሮ ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ የታወቀ ምክንያት አላገኘም። ያው ቡድን ሕመምተኞቹን ከሌሎች ሰዎች ጋር ሲያነጻጽር ጫት መቃም ከበሽታው ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ የሚቃመው መጠን ሲጨምርም አደጋው እንደሚጨምር አሳይቷል። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በአንድ አካባቢ ሰዎችን የገደለ የጉበት በሽታ ተጠንቶ፣ ከእህል ጋር የሚቀላቀል የአረም መርዝ ተጠርጣሪ ሆኗል። ከእነዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፦ ሕመምተኛን ስንጠይቅ «ትጠጣለህ?» ብሎ ማቆም አይበቃም። ምን ትቅማለህ፣ ምን ቅጠል ጠጣህ፣ እህሉ ከየት ነው፣ ከቤተሰብ ማን ታሞ ነበር ማለት አለብን።

ከነዚህ በተጨማሪ የስኳር በሽታና ውፍረት የሚያመጡት የጉበት ስብ በከተሞቻችን እየጨመረ ነው። ለአሁኑ ግን በእኛ አካባቢ ቀዳሚው ሥራ ሄፓታይተስ ቢ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

4. የጳውሎስ ሆስፒታል ጥናት ያስተማረን

እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ አበባ በሚገኘው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም በሙከራ ደረጃ ተጀመረ። መድኃኒቱ ቴኖፎቪር ነው፤ ለኤች አይ ቪ ሕክምና የምናውቀው ያው ክኒን፣ በቀን አንዴ 300 ሚሊግራም። የአንድ ዓመት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። ቁጥሮቹን ቀስ ብለን እናንብባቸው።

በፕሮግራሙ 1,303 ሰዎች ተመዝግበው ነበር። ከነዚህ ውስጥ ውጤቱ እስኪሰላ ድረስ መድኃኒቱን ከጀመሩ ቢያንስ 12 ወር የሞላቸው 254 ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት 30 ሰዎች ሞቱ፣ 11.8 በመቶ መሆኑ ነው። ከሠላሳዎቹ ሟቾች 29ኙ መድኃኒቱን ሲጀምሩ ሲሮሲሳቸው ፈንድቶ፣ ማለትም ሆዳቸው ውኃ ይዞ ወይም ሌላ መዘዝ ታይቶባቸው የመጡ ነበሩ። መዘዝ ሳይታይበት የጀመረና የሞተ አንድ ሰው ብቻ ነው።

እኔ ይህን ስመለከት የሚታየኝ መድኃኒቱ አለመሥራቱ አይደለም። ክትትሉን ከጨረሱትና ከተመረመሩት ውስጥ ከአምስት ከአራት በሚበልጡት ሰዎች ቫይረሱ ተዳክሟል። በፋይብሮስካን የተለካው የጉበት ጥጥርነትም መካከለኛው ልክ ከ12.8 ወደ 10.4 ኪሎፓስካል ወርዷል። (ከዚህ ቅናሽ ከፊሉ የቁጣው መብረድ ሊሆን ስለሚችል ሁሉንም የጠባሳ መሳሳት ነው ማለት አይቻልም።) የሚታየኝ ሰዎቹ ዘግይተው መድረሳቸው ነው። ከሲታነትም ሞትን የሚተነብይ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህን በምግብ ክፍል እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ጥያቄው «መድኃኒት አለ ወይ?» ከሚለው ይልቅ «ሆዱ ሳይነፋ በፊት እንዴት እናግኘው?» የሚለው ይሆናል።

5. ያለ ናሙና ጠባሳን መለካት

ከጉበት በመርፌ ናሙና መውሰድ ዘንድሮም ቢሆን በወረዳ ደረጃ የሚታሰብ አይደለም። ፋይብሮስካንም ውድ መሣሪያ ነው። አፕሪ የሚባለው ስሌት ግን ሁለት ተራ ምርመራዎች ብቻ ይፈልጋል፦ ኤ.ኤስ.ቲ. እና ፕላትሌት።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የሕመምተኛው ኤ.ኤስ.ቲ. በላቦራቶሪው ከፍተኛ ጤናማ ልክ ይካፈላል፣ በ100 ይባዛል፣ ከዚያም በሺህ በተቆጠረው ፕላትሌት ይካፈላል። ለምሳሌ ኤ.ኤስ.ቲ. 60፣ ጤናማው ልክ 40፣ ፕላትሌት 150 ሺህ ቢሆን፦ 60 ለ40 ሲካፈል 1.5፣ በ100 ሲባዛ 150፣ ለ150 ሲካፈል 1.0 ይመጣል።

አሁን ይህ 1.0 ምን ማለት ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ሲሮሲስ ለማለት ከ2 በላይ መሆን ነበረበት። ስለዚህ ይህ ሰው «ደህና ነህ፣ ሂድ» ሊባል ይችል ነበር። የጳውሎስ ሆስፒታል ተመራማሪዎች ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ይህ ድንበር ለአፍሪካውያን ሕመምተኞች ከመጠን በላይ ከፍ ያለ መሆኑንና ብዙ ሰው እንደሚያመልጥ አሳዩ። ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው አዲስ መመሪያ ከ0.5 በላይ ከሆነ ጉልህ ፋይብሮሲስ አለ፣ ከ1 በላይ ከሆነ ሲሮሲስ ሊሆን ይችላል ብሎ ድንበሩን ዝቅ አድርጓል። በፋይብሮስካን ደግሞ 7 እና 12.5 ኪሎፓስካል ናቸው። በአዲሱ ስሌት ያ ሰው መድኃኒት ይጀምራል። ከአገራችን የወጣ መረጃ ከሌሎች ጋር ተደምሮ የዓለምን መመሪያ ሊለውጥ መቻሉን ልብ በሉ።

ጥንቃቄም አለው። ወባ ፕላትሌትን ዝቅ ያደርጋል፤ በቢልሃርዝያ ወይም በካላዛር ያበጠ ጣፊያም እንዲሁ። በእነዚህ ጊዜ አፕሪ ያለ ጉበት ጠባሳ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። የወባ ወቅት ላይ የመጣን ሰው መጀመሪያ ወባውን አክሞ፣ ከሳምንታት በኋላ ፕላትሌቱን ደግሞ መለካት ብልህነት ነው።

6. መዘዞቹና የእኛ ድርሻ

ሀ) የሆድ ውኃ (አሳይተስ)። መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ውኃውን በመርፌ ወስዶ መመርመር ነው። እኛ አገር የሆድ ውኃ ሁሉ ሲሮሲስ አይደለም፤ የሆድ ቲቢ አለ። የሚለየውም በቀላል ቅናሽ ነው። ከደም አልቡሚን ላይ የሆድ ውኃውን አልቡሚን ቀንሱ። ልዩነቱ 1.1 ግራም በዴሲሊትር ወይም በላይ ከሆነ የፖርታል ግፊት ነው፤ ከዚያ ካነሰ ቲቢን ወይም ካንሰርን አስቡ። ደሙ 2.4፣ ውኃው 0.8 ቢሆን ልዩነቱ 1.6 ስለሆነ የግፊት ነው። ይህን ሳያደርጉ የሲሮሲስ ሰው ለወራት የቲቢ መድኃኒት ቢሰጠው መድኃኒቱ ራሱ ጉበቱን ይጎዳዋል፤ የቲቢው ሰው ደግሞ የሽንት ክኒን ሲውጥ ይሞታል።

ሕክምናው ጨው መቀነስና ስፓይሮኖላክቶን ነው። ሲያስፈልግ ፎሮሴማይድ በ100 ለ40 ሚሊግራም መጠን ይታከላል። ፎሮሴማይድ ብቻውን መስጠት እኛ ጋ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም።

ለ) የሆድ ውኃ ምርቀዛ። ሆዱ ውኃ የያዘ ሰው ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም ወይም መቃዠት ካመጣ፣ ወይም ያለ ግልጽ ምክንያት ከደከመ ውኃው በዚያው ቀን ይወሰድ። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በኩቢክ ሚሊሜትር 250 ወይም በላይ ከሆኑ የባክቴሪያ ቁጣ ነው፤ ካልቸር ሳይጠበቅ ሴፍትሪያክሶን ይጀመር። ሰዓቱ ባለፈ ቁጥር ሞት ይቀርባል።

ሐ) ደም ማስታወክ። የታገደው ደም በጉሮሮ ሥሮች በኩል ሲዞር ሥሮቹ ያብጣሉ፣ ይፈነዳሉ። ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ የግድ ነው፤ ከመላክ በፊት ግን ትልቅ መርፌ ሥር ማስገባት፣ ደም ማዘጋጀትና አንቲባዮቲክ መጀመር በእጃችን ነው። ደም ሲሰጥም ከመጠን በላይ መስጠት ግፊቱን ከፍ አድርጎ መልሶ ያደማል። ላልደሙት መከላከያው ፕሮፕራኖሎል ወይም ካርቬዲሎል ነው፤ ርካሽና የታወቁ ክኒኖች።

መ) መቃዠት (ኤንሰፋሎፓቲ)። ጉበት ያላጣራው አሞኒያ አንጎል ይደርሳል። ሰውየው ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል፣ እጁ ይርገበገባል፣ የሚናገረው ይጠፋበታል። ቤተሰብ «መንፈስ ነው» ሊል ይችላል። የሆድ ድርቀት፣ ኢንፌክሽን፣ መድማትና ማስተኛ መድኃኒት ዋና ቀስቃሾች ናቸው። ላክቱሎስ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለስላሳ ሰገራ እስኪወጣ ይሰጣል። ይህን ሰው ዲያዜፓም ወጋችሁ ማለት ገደል ገፋችሁት ማለት ነው።

ሠ) የጉበት ካንሰር። ሲሮሲስ ያለበት ሰው በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ያስፈልገዋል። በሄፓታይተስ ቢ ካንሰሩ ሲሮሲስ ሳይኖርም ሊመጣ ይችላል።

ስለ ምግብም ልጨምር። «ጉበት የታመመ ሥጋና እንቁላል አይብላ» የሚል ምክር በብዙ ቦታ ሰምቻለሁ። ይህ አሮጌ ምክር ነው። የሲሮሲስ ሰው ጡንቻው እየከሳ ስለሚሄድ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። እኛ ጋ ደግሞ ዋናው ምግብ ቆጮ ነው፤ ቆጮ ኃይል ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ከአይብ፣ ከባቄላ፣ ከእንቁላል ጋር ይብላ፤ አይቡም ሆነ ጎመኑ ጨው አይብዛበት። ማታ ሳይተኛ ጥቂት ነገር መቅመሱም ይጠቅማል። ለሕመም ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ክልክል ናቸው፤ ኩላሊቱን ያጠፉበታል። ፓራሲታሞል በቀን ከ2 ግራም ሳይበልጥ ይሻላል።

7. አንድ ምሳሌ፦ የሰፈራችን ሽማግሌ

በአካባቢያችን የሚከበሩ፣ በዕድራቸውና በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆኑ አንድ ሰው ነበሩ። በሕይወታቸው አረቄ በከንፈራቸው አልዞረም። ሆዳቸው ሲነፋ ወደ አንድ የጤና ተቋም ሄዱ፤ «ጉበትዎ በመጠጥ ተበልቷል፣ መጠጥ ያቁሙ» ተብለው ተመለሱ። የቫይረስ ምርመራ አልታዘዘላቸውም።

የዚህ ቃል መዘዝ ከውኃው የከፋ ሆነ። ሰው «ለካ ተደብቀው ይጠጡ ነበር» አለ። እርሳቸውም ከቤት መውጣት ተዉ። ለዕረፍት አገር ቤት ሄጄ ሳለ ትልቋ ልጃቸው አገኘችኝና፣ «ወንድሜ፣ አንተ የምትማረው ይህንኑ አይደል? አባባ ጠጥተው አያውቁም፤ እውነቱን ንገረኝ፣ ሳይጠጡ ይይዛል?» አለችኝ።

«ይይዛል እንጂ» አልኳት። «የሄፓታይተስ ምርመራ አድርገዋል?»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

ምርመራው ከጣት በሚወሰድ ደም የሚሠራ፣ በሃያ ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነው። ሄፓታይተስ ቢ ተገኘባቸው። ሽማግሌው ውጤቱን ሲሰሙ በሽታው ከባድ መሆኑን እያወቁ፣ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ መድኃኒቱ አልነበረም፤ «ይህ ወረቀት ላይ መጠጥ እንዳልሆነ ተጽፏል ወይ?» ነበር ያሉት። ቴኖፎቪር ቢጀመርላቸውም ብዙ አልቆዩም። ከጳውሎሶቹ 29 ሰዎች ጋር አንድ ዓይነት ታሪክ ነው፤ መድኃኒቱ ደርሶ ሰውየው ዘግይቷል።

ከእርሳቸው በኋላ ልጆቻቸው ሁሉ ተመረመሩ። ከአምስቱ ሁለቱ ቫይረሱ ተገኘባቸው፣ ሁለቱም ምንም አይሰማቸውም ነበር። የአንደኛው አፕሪ ከ0.5 በላይ ስለነበረ መድኃኒት ጀመረ። ሌላኛው ልኬቱ ዝቅተኛ ቢሆንም በቤተሰቡ ሲሮሲስ ስላለ በ2024ቱ መመሪያ መሠረት ለመድኃኒት ብቁ ሆኖ ተገኘ። ሦስቱ ነጻ ነበሩ፤ ተከተቡ። የአንድ ሰው ሲሮሲስ በትክክል ሲጠራ አምስት ሰው ይደረስበታል። «የጠጪ በሽታ» ተብሎ ቢቀር ኖሮ ሁለቱ ወጣቶች በአባታቸው መንገድ ዝም ብለው ይሄዱ ነበር።

8. መከላከል

ሄፓታይተስ ቢ በሕፃንነቱ የያዘው ሰው፣ በተለይ ሲወለድ ከእናቱ ከተላለፈበት፣ ከአሥር ዘጠኙ ቫይረሱን ዕድሜ ልኩን ይዞ ይቀራል። አዋቂ ሆኖ ከያዘው ግን ከመቶ አምስት እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ ጦርነቱ ያለው በሕፃንነት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2007 ሄፓታይተስ ቢን የያዘውን አምስት በአንድ ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት መስጠት ጀመረች። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ከልደት እስከ ስድስተኛው ሳምንት ያለውን ክፍተት አይዘጋም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የመጀመሪያው ክትባት በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ ነው። ቤት ውስጥ የሚወልዱ እናቶች ባሉበት ይህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን እግር ይፈልጋል። ነፍሰ ጡር እናት በእርግዝና ክትትሏ ለኤች አይ ቪ ስትመረመር በዚያው ጣት ደም ለሄፓታይተስም ትመርመር።

በተረፈ የጋራ ምላጭ፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ የሕፃን ድድ መብጣት፣ በአንድ መርፌ መነቀስ በአካባቢያችን ያልጠፉ ነገሮች ናቸው። እነዚህን ሽማግሌዎችንና አዋቂዎችን አስተባብሮ እንጂ አስፈራርቶ ማስቀረት አይቻልም። እኛ የጤና ተማሪዎችስ? ሦስቱን ክትባት ሳንጨርስ ወደ ልምምድ መውጣት የለብንም። መርፌ የሚወጋው ሕመምተኛውን ብቻ አይደለም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው ጠባሳ በዝምታ ይሠራል፣ በጊዜ ከተደረሰበትም ሊመለስ ይችላል። በአገራችን የተሠሩት ጥናቶች የሚሉት አንድ ነው፦ ብዙው ሕመምተኛ ጠጪ አይደለም፣ መድኃኒቱም ይሠራል፣ የሚገድለው መዘግየቱ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው መንፈቅ ለልምምድ ወደየጤና ጣቢያው ለምንወጣ ሁሉ የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ሆዱ የነፋ ወይም ቢጫ የሆነ ሰው ሲመጣ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ ሳይታዘዝ «መጠጥ» የሚለው ቃል በካርዱ ላይ አይጻፍ። ሁለተኛ፣ ቫይረሱ ለተገኘበት ሁሉ አፕሪ ይሰላ፤ እርሳስና ወረቀት ይበቃል። ሦስተኛ፣ ካርዱ ከመዘጋቱ በፊት «ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ?» ተብሎ ይጠየቅ፣ የቀጠሮ ቀንም ለነሱ ይቆረጥ።

መምህራኖቻችን በዚህ ላይ የሚያርሙት ወይም የሚጨምሩት ካለ በሚቀጥለው እትም ብናነብበው ደስ ይለኛል።